ማውንቱ ተቀየረ፣ መንቀጥቀጡ ግን ተመለሰ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በቪትዝ መኪናዬ የራይድ ሥራ እሠራለሁ። መብራት ላይ ስቆም መኪናው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማርሽ ሳስገባም «ኳ» ይል ነበር። ጋራዥ ወሰድኩት፤ መካኒኩ ኢንጂን ማውንቱ (ሞተሩን የሚይዘው ባለ ጎማ ዕቃ) ተበጥሷል አለኝ። ዕቃውን ራሱ ሶማሌ ተራ ሄዶ ገዝቶ ገጠመልኝ። ለዕቃውም ለእጅ ሥራውም 14,000 ብር በባንክ ላኩለት፤ ደረሰኝ አልሰጠኝም። በሦስተኛው ሳምንት መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ሌላ መካኒክ ሲያየው «ይሄ አዲስ አይደለም፤ ያገለገለ ነው፣ የማውንቱ ጎማም ተሰንጥቋል» አለኝ። የመጀመሪያው ግን «እኔ መግጠም ብቻ ነው ሥራዬ፤ ሱቁን ጠይቅ» ይላል። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ? ሥራ የፈታሁባቸውን ቀናትስ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት፣ ያንን ማውንት ገና አያስፈቱት። ሁለተኛው መካኒክ «ዛሬውኑ ልቀይርልዎ» ቢልዎ እንኳ ይታገሱ። ዋናው ማስረጃዎ አሁን መኪናው ላይ ያለው ዕቃ ነው። አንዴ ወርዶ ጋራዡ ጥግ ያለው የብረት ክምር ውስጥ ከገባ፣ «ይሄ እኔ የገጠምኩት አይደለም» ለሚል ሰው መልስ አይኖርዎትም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 መሠረት፣ ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት።

ቪዲዮ ያንሱ። ኮፈኑ ይከፈት፣ ሞተሩ ይነሣ። አንድ ሰው ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ ማርሹን ከዲ (ወደፊት) ወደ አር (ወደኋላ) ይቀያይር። ከመኪናው ፊትም ሆነ ከኋላ ማንም አይቁም። ማውንቱ ደኅና ከሆነ ሞተሩ ትንሽ ይነቃነቃል፤ ከተበጠሰ ግን ብድግ ብሎ ይወርዳል። ቀጥለው ስንጥቁን በባትሪ ብርሃን ቀረብ ብለው ይቅረጹ፤ ቡሎኖቹም ይታዩ። ሰሌዳው በዚያው ቪዲዮ ውስጥ ይግባ፤ አለበለዚያ የማን መኪና እንደሆነ ሌላ ክርክር ይከፈታል።

እኛ ጠበቆች ብዙ ጊዜ የምንዘለው ጉዳይ ደግሞ አለ። መንቀጥቀጥ ሁሉ የማውንት አይደለም። ካንዴላ ሲደክም ወይም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ትሮትል ሲቆሽሽም መኪና ቆሞ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ላይ እንደ እርስዎ ባለ መኪና ላይ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚይዙት ማውንቶች ሦስት ወይም አራት ናቸው። አንዱ ተቀይሮ ሌሎቹ ካረጁ፣ ጫናው አዲሱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጥፋቱ ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል፦ ምርመራው ተሳስቷል፣ ዕቃው ጉድለት አለበት፣ ወይም አገጣጠሙ ልክ አይደለም። ቡሎን ላልቶ ከሆነ ሱቁን መክሰስ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው መካኒክ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም ይስጥዎት። በቃል የነገረዎትን ፍርድ ቤት ሲጠራ ላይደግመው ይችላል። የጋራዥ ሰዎች ይተዋወቃሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ መመስከር ይከብደዋል።

ወደ ሕጉ ልምጣ። ከጋራዡ ጋር የነበረዎት ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2610 የሚገዛ ነው። አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ለማስገኘት ይስማማል፤ ሌላው ዋጋውን ይከፍላል። በጽሑፍ አልተደረገም ብለው አይጨነቁ፤ እንዲህ ያለው ውል በቃልም ይጸናል። ባንክ የላኩበት ማረጋገጫና የስልክ መልእክቶቻችሁ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ምን ብለው እንዳዘዙት ግን ያስታውሱ። «መንቀጥቀጡን አጥፋልኝ» ካሉት ውጤቱ የመኪናው መረጋጋት ነው። «ማውንቱን ቀይርልኝ» ብቻ ካሉት፣ መቀየሬን ፈጽሜያለሁ ብሎ ይከራከራል። እንደነገሩኝ ምልክቱን ነግረውት መርምሮ ያገኘው እሱ ነው፤ ይሄ ይጠቅምዎታል።

«ሱቁን ጠይቅ» የሚለው መልስ ለእኔ አያስኬድም። ዕቃውን መርጦ፣ ገዝቶ፣ ገጥሞ ሒሳቡን በአንድ ላይ የተቀበለ ሰው ዕቃ አቅራቢም ነው። የተላክሁት ለመግዛት ብቻ ነው ቢል እንኳ፣ ከየትኛው ሱቅ በስንት እንደገዛ ለላከው ሰው ማስረዳት አለበት። የማውንቱ ጎማ ሲገጠምም ተሰንጥቆ ከነበረ፣ መካኒክ ዓይን ያመልጣል ብሎ የሚያምን ዳኛ ያለ አይመስለኝም። ዕቃውን እርስዎ ራስዎ ገዝተው አምጥተው ቢሆን ኖሮ ግን መልሴ ሌላ ነበር፤ ያኔ ስለ ዕቃው ጉድለት የሚጠየቀው ሻጩ ነው፣ ጉድለቱንም ቶሎ መርምረው ማሳወቅ ነበረብዎት።

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥ ወይም ዋጋው እንዲመለስ፣ ለአገልግሎትም እንዲሁ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። እርስዎ ግን ሦስት ሳምንት አልፎዎታል። በዚያ ላይ አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ በመኪናው ሠርተው ስለሚያድሩ ይህ ራሱ ሊያከራክር ይችላል። ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይሂዱ።

ቀጣዩ እርምጃ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ቁጥር 1772 መጀመሪያ ማስጠንቀቅ ግድ ይላል። አጭር ይሁን፦ መኪናው የገባበት ቀን፣ የከፈሉት ገንዘብ፣ የታየው ጉድለት፣ ከዚያም «በዚህ ቀን ውስጥ በአዲስ ዕቃ ይጠገንልኝ፣ አለበለዚያ ገንዘቤና ኪሳራዬ ይመለስልኝ»። አንዱን ቅጂ ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካለ ምስክር ባለበት ይስጡት።

ሥራ የፈቱባቸው ቀናት ይጠየቃሉ፤ ነገር ግን እንደሚያስቡት በቀላሉ አይገኙም። በቁጥር 1799 የሚታሰበው እንዲህ ያለ ጥፋት እንደ ተለመደው የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ከዚያ በላይ የሚጠየቀው፣ በቁጥር 1801 መሠረት፣ ልዩ ሁኔታውን ውሉ ሲደረግ ለሌላው ወገን አሳውቀው ከሆነ ነው። መኪናው የገቢዎ ምንጭ እንደሆነ ለመካኒኩ ነግረውት ነበር? መተግበሪያው ላይ ያለውን የቀን ገቢዎን ያውጡ፤ ነዳጁን ቀንሰው የተጣራውን ብቻ ይጠይቁ። መኪናውን ለወራት አቁመው ሒሳብ ማስቆጠርም አይቻልም፤ ቁጥር 1802 ጉዳቱን እንዲቀንሱ ያስገድዳል። ማስረጃው ተሰብስቦ ማስጠንቀቂያው ካበቃ በኋላ አስጠግነው ወደ ሥራ ይመለሱ፤ የወረደው ማውንት ግን በእጅዎ ይቆይ።

ክስ ከደረሰ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ለ14,000 ብር ግን ከማስጠንቀቂያው በኋላ መስማማትን እመርጣለሁ፤ ምልልሱ ራሱ የሥራ ቀን ይበላል። ደረሰኝ አለመስጠት ጋራዡን ለብቻው የሚያስጠይቅ ጉዳይ ነው። ማመልከት መብትዎ ነው፤ ገንዘብ ለማስመለስ ብለው ማስፈራሪያ አያድርጉት።

ጋራዡ «አምጣው፣ በነፃ እሠራዋለሁ» ካለ ይቀበሉ። አዲሱ ዕቃ ከነማሸጊያው በፊትዎ ይከፈት፣ ደረሰኙ በስምዎ ይውጣ፣ በጽሑፍም ለስንት ጊዜ ዋስትና እንደሚሰጥ ይፈርም። «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ካቀረበልዎት፣ ጥቂት ቀን ነድተው ሳያዩት አይፈርሙ።