ኦሽን ቪው ተወልዶ «የሳይመንስ ታውን ሰው ነኝ» ማለት፦ መልስ

የሥራ ባልደረባዎ ተወልዶ ያደገው ኦሽን ቪው ሆኖ ሳለ «እኔ የሳይመንስ ታውን ሰው ነኝ» የሚልዎት፣ ቤተሰቡ ከሳይመንስ ታውን በግዳጅ የተነሣ በመሆኑ ነው።

የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት የመኖሪያ አካባቢን በዘር በሚከፋፍለው ሕግ መሠረት፣ በኬፕ ታውን ደቡብ የምትገኘውን ይህችን የባሕር ዳር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1967 የነጮች ብቻ ብሎ ሲያውጅ፣ «ከለርድ» (በአብዛኛው ድብልቅ ዘር ያላቸው) ተብለው የተመደቡት፣ በባሕር ኃይሉ የመርከብ ጥገና ሥፍራ ሲሠሩና ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት ቤተሰቦች ከተራራው ማዶ ወደ ኦሽን ቪው ተወሰዱ። ጥቁር ነዋሪዎች ደግሞ ቀደም ብለው ለጥቁሮች ወደ ተመደበው የኬፕ ታውን ሰፈር ወደ ጉጉሌቱ ተወስደው ነበር። ሥራው እዚያው ስለቀረ፣ ትናንት በእግር ይደረስበት የነበረው ቦታ የአውቶቡስ መንገድ ሆነ፤ ጎረቤትም ከጎረቤት ተለያየ። የአዲሱ ሰፈር ስም «የውቅያኖስ እይታ» ማለት መሆኑ፣ ከደጃቸው ሆነው ባሕሩን እያዩ ላረጁ ሰዎች ምን ያህል መራራ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። እኔ አንዲት እናትን «ሳይመንስ ታውንን መቼ ለቀቃችሁ?» ብዬ በጠየቅኋቸው ጊዜ፣ ያሳዩኝ የነበረውን የድሮ ቤታቸውን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ ደፍተው «አልለቀቅንም፤ አስለቀቁን» አሉኝ። እርስዎ «መቼ አስነሷችሁ?» ብለው ይጠይቁ።