ሌባው በዋስ ወጣ ላልከው ወንድሜ

"ባጃጄን የሰረቀው ልጅ ድሮም በመኪና ስርቆት የተያዘ ነው፣ አሁንም በዋስ ለቀቁት፣ እስር ቤት ስለሞላ ነው እንዴ?" ላልከው፣ እኔም ደርሶብኛል የማውቀውን ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ።

የኔ ባጃጅ የጠፋችው በከተራ ለት ነው። ጎንደር ፒያሳ አቁሜያት ታቦት አጅቤ ወደ ጥምቀተ ባህሩ ወረድኩ፣ ስመለስ የለችም። በሳምንቱ አዘዞ በኩል ጎማና ባትሪዋ ወልቆ ተገኘች ልጁም ተያዘ፣ ከዛ በ10 ሺ ብር ዋስ ወጣ። ብው አልኩ፣ ዳኛው በልቷል ብዬ ስንት አወራሁ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ኋላ ነው አንድ የሰፈራችን ጠበቃ ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ።

ህገ መንግስቱ አንቀፅ 19 ላይ ዋስ መብት ነው ይላል፣ መከልከሉ ነው ልዩ ሁኔታ። ያኔ የተዳኘነው በ1954ቱ የወንጀል ስነ ስርዓት ህግ ነው፣ የጃንሆይ ጊዜ ህግ እኮ ነው፣ እሱ ላይ አንቀፅ 67 ሰውየው ግዴታውን አክብሮ አይቀርብም ወይ ሌላ ወንጀል ይሰራል ወይ ምስክር ያባብላል ማስረጃ ያጠፋል ከተባለ ዋስ ይከለከላል ይላል። ግን ዳኛው ይሄን ከየት ያውቃል? መዝገቡ ላይ ካልተፃፈ አያውቅም! የኔ መዝገብ ላይ ልጁ ሌላ ሁለት ክስ እንዳለበት አንድ መስመር እንኳ አልነበረም። ደጋጋሚ የሚባለውም ተፈርዶበት ታስሮ በ5 ዓመት ውስጥ እንደገና ያጠፋ ነው (ይሄ የወንጀል ህጉ አንቀፅ 67 ነው፣ ቁጥሩ ገጥሞ ነው እንጂ ሌላ ህግ ነው)፣ ሰፈሩ ሁሉ ሌባ ስላለው ብቻ አይሆንም።

እስር ቤት ስለሞላ የሚለው ህጉ ላይ የለም። መሙላቱን ግን አይቻለሁ፣ አንዴ ሰው ገጭቼ ጣቢያ አራት ሌሊት አድሬያለሁ፣ በተራ ነበር የምንተኛው፣ ግማሹ ሲተኛ ግማሹ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ያጨናነቀው ማን መሰለህ? ዋስ ተፈቅዶለት የሚዋሰው ያጣ ነው። አንድ የቀን ሰራተኛ 3 ሺ ብር አጥቶ ሁለት ሳምንት ሆኖት አገኘሁት። የኔ ሌባ ግን ዘመድ አለው፣ በማግስቱ ብሩን አስይዞ ወጣ።

አሁን አንተ በዋስ ወጣ ብለህ አትተወው። ያኔ በተዳኘንበት የስነ ስርዓት ህግ አንቀፅ 74 ዋስ ሲሰጥ ያልታወቀ አዲስ ነገር ከተገኘ ፍርድ ቤቱ እንደገና አይቶ ሊያስረው ይችላል ይላል። እኔ ልጁ ንብረታቸውን የሰረቃቸውን ሁለት ሰዎች ፈልጌ የመዝገብ ቁጥራቸውን ሰብስቤ አቃቤ ህግ ጋ ወሰድኩ፣ በቀጠሮው አመለከተ፣ ዋሱ ተነሳ። ሊብሬህንም (የባጃጇን የባለቤትነት ደብተር) ኮፒ አድርገህ ያዝ፣ የሻንሲ ቁጥር ሲያመሳክሩ ይጠይቁሃል። ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው የተባልከው?