ጭቃን ከጭቃ መለየት፦ ባቢሎንን ስለቆፈረው የጀርመን ማኅበር የአንባቢያን ጥያቄዎች

በበርሊን ስለተመሠረተውና ባቢሎንን፣ አሦርንና ሌሎች ጥንታዊ ከተሞችን ስለቆፈረው የጀርመን የምሥራቅ ጥናት ማኅበር (ዶይቸ ኦሪየንት ጌዘልሻፍት) የደረሱንን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ «ባቢሎንን ያስቆፈረው የጀርመን መንግሥት ነው» ይላል፤ ሌላው «የግል ማኅበር ነው» ይላል። ማን ነው ልክ?

ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ማኅበሩ ጃንዋሪ 24 ቀን 1898 ሲመሠረት የተሰባሰቡት ባንከኞች፣ ነጋዴዎች፣ ፕሮፌሰሮችና ባለሥልጣናት ነበሩ። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከ1840ዎቹ ጀምሮ የአሦርን ቤተ መንግሥቶች እየቆፈሩ ሙዚየሞቻቸውን ሲሞሉ ጀርመኖች ወደ ኋላ ቀርተው ነበርና፣ ቁጭቱ ነው ያሰባሰባቸው። ገንዘቡ ከአባላት መዋጮና ከለጋሾች ይመጣል፤ የፕሩሺያ መንግሥትም ይጨምርበታል፤ ቁፋሮውም ከበርሊን ቤተ መንግሥታዊ ሙዚየሞች ጋር በጋራ ይካሄዳል። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም በ1901 የማኅበሩ የበላይ ጠባቂ ሆነዋል። ከለጋሾቹ መካከል ግን ጄምስ ሲሞን የተባለውን አይሁዳዊ የጥጥ ነጋዴ የሚስተካከል አልነበረም።

አባላት መዋጮ የሚከፍሉ መሆናቸው አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ገንዘባቸው ምን ላይ እንደዋለ ማወቅ ስለሚፈልጉ፣ ቆፋሪዎቹ ከመስክ የሚልኩት ዘገባ በማኅበሩ መጽሔት ቶሎ ቶሎ ይታተም ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች የቁፋሮውን ውሎ መከታተል የቻሉት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የባቢሎን ግንብ በአብዛኛው ከጥሬ ጭቃ ጡብ የተሠራ ነው። የተቀበረበትም አፈር ያው የፈረሰ ጭቃ ነው። ታዲያ ቆፋሪው ግድግዳውን ከአፈሩ እንዴት ነው የሚለየው?

ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው ይህ ነው። የማኅበሩ ትልቁ ውለታም ከበርሊን ሙዚየም ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል ብለን እናምናለን። ከእነሱ በፊት የነበሩ ቆፋሪዎች በነነዌ አካባቢ ቅርጽ የተቀረጸባቸውን የድንጋይ ሰሌዳዎች እየተከተሉ ዋሻ ይምሱ ነበር። ድንጋይ በሌለበት በባቢሎን ግን የሚመራቸው ነገር አልነበረም፤ ግድግዳውን እንደ ተራ አፈር እየቆረጡ አለፉ። ማኅበሩ በማርች 1899 ወደ ባቢሎን የላከው ሮበርት ኮልደቫይ የሕንፃ ጥበብ የተማረ ሰው ነበር። እስከ 1917፣ ለ18 ዓመት ያህል እዚያው ቆየ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወደ ታች አይቆፈርም፤ ላዩ በአግድም በስሱ ይፋቃል። በናቡከደነፆር ዘመን ጡቡ በየጎኑ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ላዩ በደንብ ከተፋቀ የጡቡና የመገጣጠሚያው ጭቃ የቀለም ልዩነት እንደ መረብ መስመር ብቅ ይላል። የፈረሰ አፈር ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። መስመሩ የሚታየው ላዩ ገና እንደተፋቀ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ነው፤ ጡቡና መገጣጠሚያው እኩል አይደርቁምና። ጠዋት ማለዳና አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታ፣ ጎልቶ ይወጣል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላል።

የግድግዳው ፊት የሚፈለገው ቀጥሎ ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ከፍርስራሹ ወገን ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ይመጣል። ልስኑ ዘንድ ሲደርስ ፍርስራሹ በትንሽ ዶማ መታ ሲደረግ በራሱ ተላቅቆ ይወድቃል፣ ልስኑም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ከግድግዳው ወገን ከተጀመረ ግን ቆፋሪው ጥሬውን ጡብ እየጠረበ ራሱ የፈለገውን ግድግዳ «ይሠራል»፤ በኋላም ስህተቱን የሚያጋልጥ ማስረጃ አይተርፍም።

ሌሎችም ወጥመዶች አሉ። በአንድ ጊዜ የተገነደሰ ግድግዳ ጡቦቹ እንደተደረደሩ ስለሚተኛ የቆመ ይመስላል፤ ጡቦቹ በጠርዛቸው መቆማቸው ወይም ማዘንበላቸው ነው የሚያጋልጠው። በጡብ የተደፈነ በር ከግድግዳው ጋር አንድ መስሎ ይታለፋል፤ የሚገኘው ቀጥ ያለውን የመቃን መስመር በመከተል ብቻ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጨርሶ የሌለው ግድግዳ ነው። የባቢሎን የተተኮሰ ጡብ ለዘመናት እየተነቀለ እንደ ሂላ ላሉ ከተሞች ግንባታ ውሏል። የቀረው ጡቡ የነበረበት ቦይ ነው፤ በስብርባሪና በሬንጅ ፍርፋሪ ተሞልቷል። ቦዩ በጥንቃቄ ከተጠረገ ጠርዙ የግድግዳውን ልክ ይሰጣል። የባቢሎን ግንብ ታሪክ ከሚያያዝበት ከኤቴመናንኪ መቅደስ ግንብ የቀረው የጥሬ ጡቡ እምብርትና እንዲህ ያለ ቦይ ነው፤ እያንዳንዱ ጎኑ 91 ሜትር ያህል መሆኑ የታወቀውም በዚህ ነው።

የሰው ኃይሉን በተመለከተ፣ በባቢሎን ከ200 እስከ 250 ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ይሠራ ነበር። አንዱ ቡድን ዶማ የሚይዝ አንድ መሪ፣ ቅርጫት የሚሞሉ ሦስትና አፈር የሚሸከሙ 16 ሰዎች ነበሩት። የቀን ክፍያው ለመሪው 5 ፒያስተር (የኦቶማን ቱርክ ሳንቲም)፣ ለሞዪው 4፣ ለተሸካሚው 3 ነበር። የመሪው ክፍያ ከፍ ማለቱ ተገቢ ነው፤ የጡቡን መስመር መጀመሪያ የሚያየው የእርሱ ዓይን ነውና።

የኮልደቫይ ረዳት የነበረው ቫልተር አንድሬ ዘዴውን ከ1903 እስከ 1914 በአሦር ከተማ አስፍቶ ተጠቀመበት። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ስፋት ያላቸው ቦዮች በከተማዋ ላይ ዘርግቶ ምን የት እንዳለ አስቀድሞ አወቀ። በኢሽታር መቅደስ ላይ ደግሞ አንዱን ሕንፃ ለክቶ ከሣለ በኋላ እያነሣ፣ ከሥሩ ወዳለው ጥንታዊ ንጣፍ በደረጃ ወረደ። ሥራውን እዚያ የተማሩት የአካባቢው የሸርቃጥ ሰዎች ሙያውን ለልጆቻቸው አስተላለፉ፤ «ሸርቃጢ» የሚለው ስም በመላው ኢራቅ የጥሬ ጡብን መስመር የሚያነብ ባለሙያ መጠሪያ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ከናቡከደነፆር ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ የነገሠውን የሐሙራቢን ባቢሎን ለምን አላገኙም?

የከርሰ ምድር ውኃ ስለሸፈናት ነው። የኤፍራጥስ ውኃ በቀነሰባቸው ጊዜያት መርከስ በሚባለው የመኖሪያ ሰፈር ጥቂት ነካክተዋታል፤ ከዚያ በላይ መውረድ አልተቻለም።

ጥያቄ፦ ተንጠልጣዮቹን የአትክልት ሥፍራዎች አግኝተዋል የሚባለውስ?

ኮልደቫይ በደቡባዊው ቤተ መንግሥት ጥግ ቅስት ጣራ ያላቸው ክፍሎችና ለየት ያለ የውኃ ጉድጓድ ሲያገኝ የአትክልቱ መሠረት መሰለው። ከዚያው ሕንፃ የወጡት የሸክላ ጽላቶች ሲነበቡ ግን የስንቅ መዝገብ ሆነው ተገኙ። በ1939 በታተሙት ጽላቶች ላይ ዘይት ከሚሰፈርላቸው ሰዎች አንዱ የይሁዳ ንጉሥ ዮአኪን ነው፤ በመጽሐፈ ነገሥት መጨረሻ ተማርኮ ባቢሎን መኖሩ የተጻፈለት ያው ንጉሥ። ሕንፃው መጋዘን ሳይሆን አይቀርም። የአትክልቱ ግምት ወደቀ፤ በምትኩ የተገኘው ግን ለእኛ የበለጠ ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ በርሊን ያለው የባቢሎን ከተማ የኢሽታር በር እውነተኛው ነው ወይስ ቅጂ?

ሁለቱም አለበት። በሩ ቆሞ አልተገኘም። የተገኘው የመስታወት ቅብ ያላቸው ጡቦች ስብርባሪ ሲሆን፣ ቅብ የሌለው የታችኛው ክፍል እስከ ዛሬ እዚያው ባቢሎን ቆሞ ይታያል። ጡቦቹ በሣጥን ታሽገው የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት እዚያው አሳለፉ። አንድሬ የኢራቅን የቅርስ ጉዳይ ትመራ ከነበረችው ከገርትሩድ ቤል ጋር ከተስማማ በኋላ፣ ከ1926 ጀምሮ በመቶ የሚቆጠሩ ሣጥኖች ወደ በርሊን ተጓዙ።

የመጀመሪያው ጠላት ጨው ነበር። ጡቡ ለሺህ ዓመታት ጨዋማ ውኃ መጥጧል። ሲደርቅ ጨዉ ከቅቡ ሥር ወደ ክሪስታልነት እየተለወጠ ያብጥና ሰማያዊውን ቅብ እንደ ቅርፊት ይገፈዋል። ስለዚህ ስብርባሪዎቹ በገንዳ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ተነከሩ፣ ጨዉ ከወጣላቸው በኋላ ደርቀው በፓራፊን ታሸጉ። ከዚያ በጠረጴዛ ላይ መለየት ነው፦ ይህ የአንበሳ ጎፈር፣ ይህ የበሬ ሰኮና፣ ይህ የዘንዶ ቅርፊት። አንድ እንስሳ ብዙ ጡብ ላይ የተከፋፈለ ቅርጽ ነውና አንድ ቁራጭ ቦታዋን ከሳተች ሁሉም ይዛባል። የጥንቶቹ ግንበኞችም ይህንኑ ችግር ያውቁት ስለነበር በጡቡ የላይ ፊት ላይ የመገጣጠሚያ ምልክት ያደርጉ ነበር። እንስሳቱ በአመዛኙ ከጥንቱ ስብርባሪ የተሰፉ ናቸው፤ ሰፊው ሰማያዊ መደብ ግን በአብዛኛው በበርሊን አካባቢ አዲስ የተተኮሰ ጡብ ነው።

በሩ በ1930 ለሕዝብ ተከፈተ። የቆመው 14 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የፊተኛው፣ ትንሹ በር ነው፤ ከኋላው የነበረው ትልቁ አዳራሹ ውስጥ አይገባም። ለመጎብኘት ለምታስቡ፦ የፔርጋሞን ሙዚየም ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቷል፤ በሩ ያለበት ደቡባዊ ክንፍም ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው የሚከፈተው።

ጥያቄ፦ የጥንቷ ግብፅ ንግሥት የነፈርቲቲ ምስልስ? ግብፅ ተታልላለች ይባላል።

ምስሉ ዲሴምበር 6 ቀን 1912 ግብፅ ውስጥ በአማርና፣ በቀራፂው ቱትሞስ የሥራ ቤት ተገኘ። የማኅበሩ የቁፋሮ መሪ ሉድቪግ ቦርሃርት ነበር። በጊዜው ደንብ ግኝቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ክፍፍሉ በጃንዋሪ 1913 ተደርጎ ምስሉ ለጀርመኖቹ ወገን ደረሰ። ወጪውን የሸፈነው ጄምስ ሲሞን በመሆኑ የእርሱ ሆነ፤ በ1920 ለፕሩሺያ መንግሥት በስጦታ ሰጠ።

ክርክሩ ያለው በክፍፍሉ ዕለት ምን ታየ በሚለው ላይ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ በ1924 የጻፈውና በ2009 ይፋ የወጣው ሰነድ ቦርሃርት ምስሉን ለጀርመን ለማስቀረት እንደፈለገ፣ ከኖራ ድንጋይ የተቀረጸ ሆኖ ሳለም በዝርዝሩ ላይ የጂፕሰም (የጄሶ) ሥራ ተብሎ እንደሰፈረ ያሳያል። ፊርማ መኖሩ እውነት ነው። ፈራሚው የፈረመበትን ነገር በሚገባ አይቶታል ለማለት ግን እኛ አንደፍርም።

ጥያቄ፦ ኬጢያውያን ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የታወቁት በዚህ ማኅበር ነው?

ድርሻው ትልቅ ነው። ሁጎ ቪንክለር በ1906 በዛሬዋ ቱርክ በቦአዝኮይ መቆፈር ሲጀምር ማኅበሩም በማግሥቱ ዓመት ገባበት። ወደ 10,000 የሚጠጉ የጽላት ስብርባሪዎች ወጡ፤ የኬጢያውያን ዋና ከተማ ሐቱሻም ታወቀች። አሳዛኙ ነገር ቪንክለር እያንዳንዱ ጽላት የት ክፍል፣ ከምን አጠገብ እንደተገኘ አለመመዝገቡ ነው። አንድ መዝገብ ቤት እንዴት እንደተደራጀ የሚነግረን የጽላቶቹ አቀማመጥ ነበር፤ ያ ዳግም አይገኝም።

ቋንቋውን የፈታው ማኅበሩ ጽላቶቹን እንዲገለብጥ ወደ ኢስታንቡል የላከው ቤድርዚህ ህሮዝኒ ነው። ቁልፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «ኑ ኒንዳ-አን ኤዛቴኒ ዋታር-ማ ኤኩቴኒ።» «ኒንዳ» በባቢሎን አጻጻፍ እንጀራ ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። እንጀራ ካለ «ኤዛቴኒ» መብላት ሊሆን ይችላል፤ ከጀርመንኛው «ኤሰን» ጋር ይገጥማል። «ዋታር» ደግሞ «ዋሰር»፣ ውኃ። «አሁን እንጀራ ትበላላችሁ፣ ውኃም ትጠጣላችሁ።» ኬጢኛ ከአውሮፓና ከሕንድ ቋንቋዎች ጋር ዘመድ መሆኑ በ1915 በማኅበሩ መጽሔት ወጣ።

ጥያቄ፦ በ1906 አክሱምን ያጠኑት ጀርመኖች የዚሁ ማኅበር ሰዎች ናቸው?

አይደሉም። በኤኖ ሊትማን የተመራውን የአክሱም ጉዞ የላኩት ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም ናቸው፤ በዐፄ ምኒልክ ፈቃድ ተካሄደ፤ ውጤቱም በ1913 በአራት ቅጽ ታተመ። አሠራሩ ግን ያው ነበር፤ ከቡድኑ ውስጥ ዳንኤል ክሬንከር የሚባል የሕንፃ ባለሙያ ነበረበት። ሐውልቶቹን ለክቶ ሲሥል በየፎቁ መካከል የተደረደሩትን ክብ ጉብታዎች ጌጥ ናቸው ብሎ አላለፋቸውም፤ ከግድግዳ ወጥተው ከሚታዩት የእንጨት ወራጆች ጫፍ፣ እኛ «የዝንጀሮ ራስ» ከምንላቸው ጋር አስተያያቸው። ሐውልቱ በድንጋይ የተቀረጸ ባለ ፎቅ ቤት መሆኑን ያሳየው በዚሁ ነው፤ ከታች በሩ፣ በሩ ላይም መቆለፊያው ሳይቀር አለ።