እናትሽን ይዘሽ ቼናይ ለምትሄጂው እህቴ፦ መጀመሪያ ማደሪያው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽን ለሕክምና ደቡብ ህንድ፣ ቼናይ ልትወስጂ ነው፣ ቪዛው ወጥቷል፣ ቀጠሮውም ተይዟል፤ ሐኪሙ ሲያሰናብታችሁ ባሕሩንና ዙሪያውን ማየት ትፈልጊያለሽ። በኢንተርኔት ርካሽ ሎጅ አግኝተሽ ልትከፍይ እንደሆነም ጽፈሻል። ስለ ባሕሩ ብዙ ሰው መልሶልሻል፤ ሎጁን ግን ማንም አላነሳውም። እኔ ከሱ ልጀምር።

1. ሳትከፍይ በፊት ደውለሽ «ፎርም ሲ ትሞላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። በህንድ ሕግ የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ሁሉ፣ ሆቴልም ይሁን የግለሰብ ቤት፣ እንግዳው በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ይህን ቅጽ በኢንተርኔት ለኢሚግሬሽን መላክ አለበት። ለመላክ ደግሞ ቀድሞ መመዝገብ አለበት። ትንንሾቹ ሎጆች ጣጣውን ስለማይፈልጉ አይመዘገቡም። ቦታ የሚያስይዘው ድረ ገጽ ይህን አይነግርሽም፤ ገንዘብሽን ተቀብሎ «ተረጋግጧል» ይላል። ከዚያ ሌሊት ሻንጣሽን እየጎተትሽ፣ የታመመች እናት ይዘሽ ትደርሻለሽ፤ እንግዳ ተቀባዩ የፓስፖርቱን ሽፋን ብቻ አይቶ «ፎሪነር ኖት አላውድ»፣ የውጭ ዜጋ አናሳድርም፣ ብሎ ይመልስልሻል። ቀና ብሎ እንኳን አያይሽም። ብሩን ስትጠይቂ ሎጁ ወደ ድረ ገጹ፣ ድረ ገጹ ወደ ሎጁ ይመራሻል። በሩ ላይ የቆመው ባለ ባጃጅ ደግሞ «እኔ የማውቀው አለ» ይልሻል፤ የሚያውቀው ኮሚሽን የሚቆርጥለትን ነው፣ በዚያ ሰዓት ዋጋ የሚጠራውም እሱ ነው።

ስለዚህ ከሆስፒታሉ የውጭ ሕመምተኞች ክፍል የማረፊያ ዝርዝር ጠይቂ። በትልልቆቹ ሆስፒታሎች አካባቢ፣ ለምሳሌ ግሪምስ ሮድ ላይ ባለው አፖሎ ዙሪያ፣ የውጭ ሕመምተኛ የለመዱ ማረፊያዎች አሉ፤ ቅጹን ያለ ክርክር ይሞላሉ፣ አንዳንዶቹ ማብሰያ ቤትም አላቸው። «እንሞላለን» ያሉሽን በጽሑፍ አስልኪ፣ በዋትስአፕም ቢሆን። ሦስት ገጽ ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፦ የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ፣ ቪዛውን፣ አየር ማረፊያ የተመታውን የመግቢያ ማኅተም። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ ቅጹ ግን ህንድ የገባሽበትን ቀን ይጠይቃል። ከቼናይ በስተደቡብ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ ፖንዲቸሪ አንድ ሌሊት ብታድሩም እዚያ ያለው ሆቴል እንደገና ይሞላል፤ ስለዚህ ለሽርሽር ስትወጡም ዋናው ፓስፖርት አብሯችሁ ይሁን።

2. መኪና። ከአየር ማረፊያው ሜትሮ አለ፤ ሰማያዊው መስመር ታውዘንድ ላይትስ የሚባለው ጣቢያ ድረስ ይወስዳል፣ ከዚያ ግሪምስ ሮድ ቅርብ ነው። ሻንጣ ከበዛ ግን በታክሲ ሂዱ። ባጃጁን እነሱ ኦቶ ይሉታል። ሜትር ተገጥሞለታል፣ የመንግሥት ታሪፍም አለው፤ ሹፌሩ ግን ሁለቱንም እንደሌሉ ነው የሚቆጥራቸው። በመተግበሪያ ጥሪ፣ ወይም ሳትገቢ ዋጋ ቁረጪ። በሂንዲ አትድከሚ፣ የአገሩ ሰዎች ታሚሎች ናቸው፣ ደስ አይላቸውም፤ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ይሻላል።

ከከተማ ስትወጪ ነው ሒሳቡ የሚያጭበረብረው። የቀን ኪራይ የሚሸጠው «8 ሰዓት፣ 80 ኪሎ ሜትር» በሚል ጥቅል ነው። የጥንት ቤተ መቅደሶች ያሉባት ማሃባሊፑራም ደርሶ መልስ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥቅሉን ርካሽ ብለሽ ከያዝሽ ትርፉ በኪሎ ሜትር ይቆጠራል፤ ቆጠራው የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ነው። ደርሶ መልስ ቁርጥ ዋጋ ጠይቂና የመንገድ ክፍያ፣ ፓርኪንግና «ድራይቨር ባታ» የሚሉት የሹፌር አበል ይጨምር እንደሆነ አንድ በአንድ አስመልሺ። ለፖንዲቸሪ ከሆነ ፐርሚቱንም ጨምሪ፤ ራሱን የቻለ አስተዳደር ስለሆነ ቼናይ ያለችበት ክልል፣ የታሚል ናዱ፣ ታክሲ ለመግባት ይከፍላል። ሰዓት ስትቀጥሪ ደግሞ በነሱ አቆጣጠር ይሁን፤ «ትዌልቭ» ብለሽ ጠዋት ስትጠብቂ ሹፌሩ ቀትር ላይ ይመጣል።

ማሃባሊፑራም እንዳያመልጥሽ። ኢስት ኮስት ሮድ በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ነው። ከ7ኛውና ከ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከፓላቫ ነገሥታት ዘመን የቀረ ሥራ ነው፤ ዩኔስኮ በ1984 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። አምስቱ ራታዎች፣ ሰረገላ የሚመስሉት ቤተ መቅደሶች፣ ልክ እንደ ላሊበላ እያንዳንዳቸው ከአንድ አለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ጠጋ ብለሽ ካየሽ ሳይጨረሱ የቀሩባቸው ቦታዎች ይታያሉ። ለውጭ ዜጋ ትኬቱ 600 ሩፒ ነው፣ ለህንዳዊ 40። ያናድዳል፣ ግን አትከራከሪ። ራታዎቹ ጋ የቆረጥሽው ትኬት በዚያው ቀን ባሕሩ ዳር ያለውን ቤተ መቅደስም ያስገባል፤ ቁራጩን አትጣይው፣ በር ላይ «ሌላ ቁረጪ» የሚልሽ አስጎብኚ አይጠፋም። የአርጁና ንስሐ የሚባለው ግዙፍ ቅርጽ መንገድ ዳር ነው፣ በነፃ ይታያል። ትኬት የሚጠየቅባቸው የሚከፈቱት ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ በዚያን ሰዓት ድረሱ። ከረፋዱ በኋላ ድንጋዩ ይግላል፣ ጥላ የለም፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እናትሽን በእግር አታስኪጃቸው።

ለእሳቸው ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሐዋርያው ቶማስ ይመስለኛል። እኛ ግንቦት 26 የምናስበው ቶማስ፣ በአካባቢው ትውፊት በ72 እ.ኤ.አ. ገደማ እዚሁ ቼናይ ነው የተገደለው። ሳን ቶሜ ባዚሊካ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን በመቃብሩ ላይ የተሠራ ነው፤ አሁን ያለው ሕንፃ የ1896 እ.ኤ.አ. ነው፣ የሚያስተዳድሩት ካቶሊኮች ናቸው። ወደ መቃብሩ የሚያስገባው በር ለብቻው ከኋላ በኩል ነው፤ ብዙ ሰው ዋናውን አዳራሽ ብቻ አይቶ ይወጣል። የቶማስ ተራራ በአየር ማረፊያው በኩል ነው፤ ደረጃ አለው፣ ግን መኪናም እስከ ላይ ይወጣል፣ ሹፌሩ ታች ላውርዳችሁ ቢል እንቢ በይ። እሑድ ቅዳሴ ካማራቸው የህንድ ኦርቶዶክስ፣ የማላንካራ፣ አብያተ ክርስቲያናት ከተማው ውስጥ አሉ። እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አገልግሎቱ ግን በአብዛኛው በማላያላም ቋንቋ ነው።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ይህን ልብ በሉ፦ «ፑር ቬጅ» ማለት ሥጋና እንቁላል የለም ማለት እንጂ ጾም ማለት አይደለም። ወተት፣ እርጎና ቅቤ በሽ ነው። የታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብም እንደዚያው ነው። ኢድሊ የሚሉት የሩዝ ቂጣ በእንፋሎት ስለሚበስል ደህና ነው፤ ከጥራጥሬ የሚሠራው ሜዱ ቫዳም በዘይት ይጠበሳል። ፖንጋል የሚሉት የሩዝ ገንፎ ቅቤ አለው፣ ተዉት። ስስ እንጀራ የሚመስለው ዶሳ ምጣድ ላይ እያለ ቅቤ ይቀባል፣ ስለዚህ ስታዝዢ «ኔይ ቬንዳም» በይ፣ ቅቤ አልፈልግም ማለት ነው። ረገጥ አድርገሽ በይው፤ ዘይት በታሚል «ኤኔይ» ስለሆነ አስተናጋጁ ይምታታበታል። ለወተት «ፓል»፣ ለእርጎ «ታዪር»። ቡናቸው ከወተት ጋር ነው የሚመጣው፤ ጥቁር ከፈለጋችሁ «ዲኮክሽን» ብቻ ጠይቁ። ቺኮሪ የሚባል የተቆላ ሥር ስለሚቀላቀልበት እንደኛ ቡና አትጠብቁት።

የከተማው ባሕር ዳር፣ ማሪና፣ ላይ ማታ ወጥታችሁ አሸዋው ላይ ተቀመጡ፣ በኮኮናትና በሰናፍጭ ፍሬ የተቁላላውን የሽምብራ ንፍሮ፣ ሱንዳሉን፣ ቅመሱ። ውሃው ውስጥ ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ አትግቢ፤ ከሥር የሚስበው ሞገድ ኃይለኛ ነው፣ መዋኘትም ክልክል ነው።

የምትሄዱበትን ወር አልጻፍሽም። ህንድ ሲባል ሰው ክረምቱን ከሰኔ እስከ መስከረም ያስባል፤ የቼናይ ዋናው ዝናብ ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፣ አውሎ ነፋስም ያኔ ይመጣል፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ከተማውን ያጥለቀለቀው ጎርፍም በዚያው ወቅት ነበር። ግንቦት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። ጥርና የካቲት ይሻላል። ቀጠሮው የማይቀየር ከሆነ ወሩንና የሆስፒታሉን ሰፈር እዚሁ ጻፊልኝ፣ የቱን ሎጅ መጀመሪያ መደወል እንዳለብሽ እነግርሻለሁ።