የታመመች ዳክዬ ለምታስታምሙ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በእንስሳት ሕክምና ሙያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ ብዙ ዓይነት ታማሚ በእጄ አልፏል። ያም ሆኖ ዳክዬውን በካርቶን አቅፎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ ክፍሌ የሚገባን ልጅ ያህል ልቤን የሚነካው የለም። ያ ልጅ ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዶክተር፣ ምን መድኃኒት ልስጣት?» ይለኛል። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነውና አልቆጣም፤ ነገር ግን ቦታው ሦስተኛ ወይም አራተኛ እንጂ አንደኛ አይደለም። ድነው ካየኋቸው ዳክዬዎች አብዛኞቹን ያተረፋቸው የአስታማሚያቸው እጅ ነው። መድኃኒት የረዳቸውም ቢሆኑ መድኃኒቱ የሠራላቸው አስቀድመው ሙቀት፣ ውሃና ጸጥታ ስላገኙ ነው። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ስለ ማስታመም ነው።

አስቀድማችሁ ማወቅ የሚገባችሁ ዳክዬ ሕመሟን የምትደብቅ ፍጥረት መሆኗን ነው። በዱር የሚኖሩ ዘመዶቿን የሚያድናቸው አውሬ ብዙ ነው። አዳኙ ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው ከመንጋው መካከል በደከመችው ላይ በመሆኑ፣ የታመመች ዳክዬ አቅሟ እስኪሟጠጥ ድረስ ከጓደኞቿ ጋር ትራመዳለች፣ ባትበላም የምትበላ ትመስላለች። ላባዋን ነፍታ፣ ክንፏን ጥላ፣ ጥግ ይዛ ስታገኟት ሕመሙ ዛሬ የጀመረ ነው ብላችሁ አታስቡ። ከዚያ በፊት የሚታዩት ምልክቶች ጥቃቅን ናቸው፤ ወደ ምግብ ቀድማ ትሮጥ የነበረችው ወደ ኋላ ትቀራለች፣ ላባዋን በምንቃሯ ማበጠር ትተዋለች፣ ዓይኗ ጥግ ላይ አረፋ ይታያል። ሴቷ ጎላ አድርጋ የምትጮኽ፣ ወንዱ ደግሞ በሻከረና በታፈነ ድምፅ የሚናገር ስለሆነ፣ የለመዳችሁት ድምፅ ሲለወጥ ልብ በሉ። ሙቀት ሳይኖር ምንቃሯን ከፍታ የምትተነፍስ፣ ወይም በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያት ይገባል።

የመጀመሪያው ሰዓት ሥራ ቀላል ነው፤ ከመንጋው ለይታችሁ ደረቅ፣ ጸጥ ያለና ሞቅ ያለ ቦታ ስጧት። የዳክዬ የሰውነት ሙቀት በጤናዋ ጊዜ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢና ከዚያም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ለሰው ብርቱ ትኩሳት የሚባለው ለእርሷ የተለመደ ነው ማለት ነው። ይህን ሙቀት መጠበቅ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፣ የታመመች ወፍ ደግሞ ጉልበት የላትም። ማረፊያዋን ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ብታሞቁላት ያ ጉልበት ለመዳን ይተርፋታል። የሙቀቱን ምንጭ በሣጥኑ አንድ ጎን ብቻ አድርጉት፤ ሲበዛባት ራሷ ትርቃለች። ከጓደኞቿ የተለየች ዳክዬ እንደምትጨነቅም አትርሱ። ሕመሙ ተላላፊ እንዳልሆነ ሐኪሙ ካረጋገጠላችሁ አንዲት ጓደኛዋን በሽቦ ማዶ እንድታያት አድርጉ፤ ምግብ እንቢ ያለች ዳክዬ ጓደኛዋ ስትበላ አይታ ምንቃሯን ስታነሣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስትይዟት በእግሯ ወይም በክንፏ አታንጠልጥሏት፤ እግሯ ለዚያ አልተሠራም። ሁለቱን ክንፎች ከጎኗ ጋር አድርጋችሁ፣ አንድ እጃችሁን ከሥሯ አስገብታችሁ እቀፏት። አጥብቃችሁ ግን አትያዙ። ወፎች እንደ እኛ ደረትንና ሆድን የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ የላቸውም፤ አየር የሚያስገቡት የደረታቸውን አጥንት ወደ ፊትና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ ነው። በፍቅር ደረቷን ጨምቆ የያዘ ልጅ ሳያውቅ ትንፋሿን ይከለክላታል።

ስለ ውሃ ስጽፍላችሁ እጄ ይከብደኛል። ገና ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንዲት የደከመች ዳክዬ መጣችልኝ። ጥማቷ አሳዝኖኝ ምንቃሯን ከፈትሁና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በሲሪንጅ ወደ ጉሮሮዋ ለቀቅሁት። አንድ ጊዜ አነቃት፣ ክንፏን ሁለት ጊዜ መታች፣ ከዚያም እጄ ላይ ሞተች። የአየር መግቢያዋ ቀዳዳ ከምላሷ ሥር፣ ከአፏ ወለል ላይ ክፍት ሆኖ የሚገኝ በመሆኑ፣ መዋጥ ያቃታት ወፍ አፍ ውስጥ የፈሰሰ ውሃ የሚሄደው ወደ ሳንባዋ ነው። ያንን ማወቅ ነበረብኝ፤ ተምሬዋለሁም፤ ቸኩዬ ግን አላሰብሁትም። እናንተ ውሃውን በምንቃሯ ጎን ጠርዝ ላይ ጠብታ በጠብታ አድርጉላት። ምላሷን አንቀሳቅሳ ስትውጥ አይታችሁ ቀጣዩን ጠብታ ስጡ፤ ካልዋጠች አቁሙና ወደ ሐኪም ውሰዷት፣ እርሱ በቱቦ ወይም ከቆዳ ሥር በመርፌ ፈሳሽ ይሰጣታል። ሰውነቷ ሳይሞቅና ውሃ ሳታገኝም ጠጣር ምግብ አታስገድዷት፤ የቀዘቀዘና የደረቀ አንጀት አይፈጭም።

ማስታመም ምን እንደሆነ ከመጻሕፍት ይልቅ ያስተማረችኝ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ያመጣቻት ነጭ ዳክዬ አንገቷ በልጅቷ ክንድ ላይ እንደ እርጥብ ገመድ ተንጠልጥሎ ነበር። እግሯም፣ ክንፏም፣ የዓይኗ ቆብ እንኳ አይታዘዝላትም፤ ዓይኗ ግን ያያል። ልጅቷን ስጠይቃት ዳክዬዋ ከምትዋኝበት ኩሬ ዳር ትል የወረሰው ጥንብ እንደነበረ ነገረችኝ። ሕመሙ ቦቱሊዝም ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ በሚበሰብስ ነገር ውስጥ መርዝ ያመርታል። ትሎቹ መርዙን ተሸክመው ምንም አይሆኑም፤ ዳክዬዋ ትሎቹን ስትለቅም ግን መርዙ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን መልእክት ያቋርጥባታል። መርዙን የሚያረክስ መድኃኒት ቢኖርም በእጄ አልነበረም፤ የቀረን ማስታመም ብቻ ነበር።

ልጅቷ ፎጣ ጠቅልላ እንደ ትራስ ከአንገቷ ሥር አደረገች፤ ጭንቅላቷ ከተደፋ በራሷ ምራቅ ልትታፈን ትችላለችና። በየሁለት ሰዓቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ትገለብጣት ነበር፤ በአንድ በኩል የተኛች ዳክዬ ደረቷ ይቆስላል። የማይከደነውን ዓይኗን ሐኪም ቤት በተሰጣት የዓይን ቅባት ታረጥበዋለች፣ ኩስ የለጠፈበትን የኋላዋን ላባ በለብ ያለ ውሃ አጥባ ታደርቃለች። ከአጠገቧ ጥልቅ የውሃ ሣህን እንዳታስቀምጥ አስጠነቀቅኋት፤ አንገቷን መሸከም የማትችል ዳክዬ በአንድ ስንዝር ውሃ ትሰጥማለች። ሦስት ቀን ምንም ለውጥ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ልጅቷ ከጎኗ ቆማ ውሃ ከማንቆርቆሪያ ወደ ሣህን ስትቀዳ፣ ዳክዬዋ የውሃውን ድምፅ ሰምታ ጭንቅላቷን ሁለት ጣት ያህል ከፎጣው ላይ አነሣች፤ መልሳም ጣለችው። ልጅቷ ያንን ልትነግረኝ የሮጠችበት ሩጫ ዛሬም ይታየኛል። ጥንቡን ከኩሬው ዳር አንሥተው እንዲቀብሩ፣ የቆመውንም ውሃ እንዲያፋስሱ ለቤተሰቡ ነገርኋቸው፤ ምንጩ ካልተወገደ ነገ ሌላዋ ዳክዬ ትወድቃለችና።

ሁለተኛው መሣሪያችሁ ደብተር ነው። በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከመብላቷ በፊት፣ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኗት ጻፉት። ላባ ክሳትን ይሸፍናል፤ ዓይናችሁ «ደህና ናት» ሲላችሁ ሚዛኑ እውነቱን ያወጣዋል። የደረቷን አጥንትም በጣታችሁ ዳስሱ፤ እንደ ቢላዋ ጀርባ ሾሎ ከተሰማችሁ ሥጋዋ አልቋል። ኩሷንም ያለ መጸየፍ ተመልከቱ፤ በጤናማው ላይ ነጭ ነገር መታየቱ ሽንቷ ነውና አያስደንግጣችሁ፤ ደም ያለበት ወይም ለቀናት ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ የቆየ ግን መጻፍ አለበት። አንድ ጎረምሳ እንዲህ ያለ ደብተር ይዞልኝ መጥቶ ነበር። አምስት ቀን ክብደቷ ቀንሷል፣ ኩሷ አረንጓዴ ነው፣ ክንፏ ወርዷል። ደብተሩን አንብቤ ራጅ አስነሣኋት፤ በጨጓራዋ ውስጥ ብሎን ታየ። ዳክዬ የሚያብረቀርቅ ነገር ትውጣለች፤ ምስማር፣ ሳንቲም፣ የሽቦ ቁራጭ በጨጓራዋ እየተፋቀ ዚንክ ወይም እርሳስ የተባለውን ብረት ወደ ደሟ ያስገባል። ያለ ደብተሩ ምናልባት የአንጀት ሕመም ነው ብዬ ጊዜ አጠፋ ነበር። ግቢ ውስጥ የግንባታ ሥራ ከተሠራ በኋላ መሬቱን በማግኔት ማሰስ ሞኝነት እንዳይመስላችሁ።

ስለ እግር የምለው ጥቂት ነው። ጫጩት ሳለች ጉልበቷ የሚንቀጠቀጥ፣ እግሯ ወደ ውጭ የሚቀለበስ ከሆነ የኒያሲን፣ ማለትም የቫይታሚን ቢ3 እጥረትን ጠርጥሩ። የዳክዬ ጫጩት በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ ወደ 55 ሚሊግራም ኒያሲን ትፈልጋለች፤ ለዶሮ ጫጩት የተዘጋጀ መኖ ብዙ ጊዜ ይህን አያሟላላትም። የቢራ እርሾ በመኖው ላይ መጨመር ይረዳል፤ ዘግይቶ የተጣመመ አጥንት ግን አይቃናም። ትልቋ ዳክዬ ካነከሰች ደግሞ መርገጫዋን ገልብጣችሁ እዩ። በመካከሉ ጥቁር ቅርፊት ያለበት፣ ያበጠና የሚሞቅ ነገር ካገኛችሁ በሻካራ ወለል ወይም በቆሸሸ እርጥብ ጉዝጓዝ ምክንያት የገባ ቁስል ነው። በምላጭ ራሳችሁ አትክፈቱት፤ በሥሩ አጥንትና ጅማት አለ።

በምግብ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ የሻገተ እህል ለዳክዬ አትስጡ። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ የቤት ወፎች ምክንያቱ ሳይታወቅ አለቁ፤ የዳክዬ ጫጩቶችም ሞቱ። ምርመራው ያደረሰው በሻገተ የለውዝ መኖ ውስጥ ወደነበረ መርዝ ነበር፤ ዛሬ አፍላቶክሲን የምንለው ነው። የዳክዬ ጫጩት ለዚህ መርዝ እጅግ ስስ ከመሆኗ የተነሣ ተመራማሪዎች መርዙን ለመለየት በእርሷ ይፈትኑ ነበር። ሻጋታውን አራግፋችሁ የቀረውን መስጠት አይበቃም፤ መርዙ በዓይን አይታይም። የሻገተ ጉዝጓዝም እንዲሁ ሳንባዋን ይጎዳልና አውጥታችሁ ጣሉት።

ከጎረቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ በግምት መስጠትን በተመለከተ ሽማግሌ ነኝና ጠንከር ብዬ ልናገር። ቦቱሊዝምን አይነካም፣ ብሎንን አያወጣም፣ ኒያሲንን አይተካም፤ የሆድ ዕቃዋን ጠቃሚ ተህዋስያን ግን ይገድላል። መድኃኒቱ ወደ እንቁላሏም ስለሚያልፍ እንቁላሉ የማይበላበትን የቀን ብዛት ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትቅሩ።

ለራሳችሁም አስቡ። ጤነኛ የምትመስል ዳክዬ ሳልሞኔላ የሚባለውን፣ ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች፤ በነካችኋት ቁጥር እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ምንቃሯን አትሳሙ፣ ሣህኗን የሰው ዕቃ በሚታጠብበት አትጠቡ። በአንድ ጊዜ ብዙ ወፎች በድንገት ከሞቱ ደግሞ ሬሳውን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የወፍ ጉንፋን ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ወዲያው አስታውቁ።

ሁሉም አይድንም። መብላት፣ መቆም፣ መተንፈስ ከብዷት ቀን ከቀን እየባሰባት ከሄደ፣ ሐኪሙ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ሲመክራችሁ አስታማሚነታችሁን የከዳችሁ አይምሰላችሁ። በዚያች ሰዓት ከአጠገቧ ሁኑ፤ የምታውቀው ድምፅ ያረጋጋታል።

ለዳነችው ግን ወደ ውሃ መመለሱ አይቸኮል። ታማ የሰነበተች ዳክዬ ላባዋን አላበጠረችም፤ ከጅራቷ መነሻ ላይ ካለው ዕጢ የሚወጣውን ቅባትም አልቀባችም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ውሃው እስከ ቆዳዋ ዘልቆ ያቀዘቅዛታል። ጭንቅላቷን ሙሉ በሙሉ የምትነክርበት ጠለቅ ያለ ሣህን አስቀድማችሁ ስጧት፤ ዓይኗንና አፍንጫዋን የምታጸዳው በዚያ ነው። ቀጥሎ በለብ ያለ ውሃ ለአምስት ደቂቃ አዋኟት፣ አድርቋት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። ውሃው ከጀርባዋ ላይ እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ሲወርድ ካያችሁ ላባዋ ተመልሷል። ያቺ ነጭ ዳክዬ እዚህ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ወሰደባት። ወደ መንጋው የገባችውም በምሽት፣ ሌሎቹ ሲያንቀላፉ ነው፤ ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላም አንድ ወር ሙሉ በየጠዋቱ መመዘኗን አላቆመችም።