ፋይሉ የኔ፣ ባለቤቱ ሌላ ሰው

ሰላም ወንድሜ። ከሰርቨሩ በኤንኤፍኤስ (ፎልደርን በኔትወርክ ማጋሪያ ዘዴ) ማውንት ያደረግከው፣ ማለትም ከማሽንህ ጋር ያገናኘኸው ፎልደር ፋይሎችህን በሌላ ሰው ስም እንደሚያሳይህ፣ ሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ሆነህም «ቻውን» (chown፣ የፋይል ባለቤት መቀየሪያ ትእዛዝ) እምቢ እንዳለህ ጽፈሃል። እዚህ ሐዋሳ ቢሮአችን ውስጥ እኔንም ሁለት ቀን አንገላቶኛል። ብቻ ፈቃዱን 777 (ለማንም ክፍት) እንዳታደርገው፣ አደራ!

ኤንኤፍኤስ 3 የሚያየው ስምህን ሳይሆን የተጠቃሚ ቁጥርህን ነው። ሁለቱም ማሽን ላይ «አይዲ» (id) የሚለውን ትእዛዝ ጽፈህ ቁጥሮቹን አስተያይ። እኔ ላፕቶፔ ላይ 1000፣ ሰርቨሩ ላይ 1001 ነበርኩ። የሰርቨሩ 1000 ደግሞ ባልደረባዬ ነው። ስለዚህ ከላፕቶፔ የጻፍኩት ሁሉ የሱ ሆኖ ቁጭ አለ። የላፕቶፔን ቁጥር ወደ 1001 ስቀይረው ተገላገልኩ።

የቆዩትን ፋይሎች ሰርቨሩ ላይ ገብተህ «ቻውን» አድርጋቸው። ከራስህ ማሽን ሩት ብትሆንም ሩት ስኳሽ (ከሌላ ማሽን የመጣን ሩት ሥልጣን የሚነሳው የሰርቨሩ ቅንብር) «ኖባዲ» (ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ) ያደርግሃል። ኤንኤፍኤስ 4 ሆኖ ሁሉም ፋይል «ኖባዲ» ካለህ ግን የአይዲማፕድ (ስምና ቁጥርን የሚያዛምደው ፕሮግራም) ዶሜይኑ ሁለቱም ጋ አንድ መሆኑን እይ።