የልጅነት ጭንቀት ጉበት ድረስ ይዘልቃል?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከጣና ዳር በማይርቅ ሰፈር እኖራለሁ። የሟች እህቴን ልጅ ከ4 ዓመቱ ጀምሮ አሳድገዋለሁ፤ አሁን 9 ዓመቱ ነው። ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ከዘመድ ዘመድ ሲንከራተት ተርቧል፣ ተደብድቧልም። ዛሬ የሚጎድልበት ነገር ባይኖርም ፍራሹን ሳነሣ የደረቀ ዳቦና በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ አገኛለሁ። በር በኃይል ሲዘጋ ይንቀጠቀጣል፤ የትምህርት ቤት ሰዓት ሲደርስ ሆዱን ይይዛል። ጤና ጣቢያ ሰገራውና ደሙ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። ጎረቤቶቼ «ሕፃን ምን ጭንቀት ያውቃል» ይሉኛል፤ በሬዲዮ ደግሞ በልጅነቱ የተጎዳ ሰው ሲያድግ ለስኳር በሽታ ይጋለጣል ሲባል ሰምቼ ሰጋሁ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጎረቤቶችዎ ተሳስተዋል፤ በሬዲዮ የሰሙት ግን መሠረት አለው።

ሰው አደጋ ሲሰማው በአንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ፒቱታሪ የተባለችውን ዕጢ ያዛል፤ እርሷም ከኩላሊቶች በላይ የሚገኙትን አድሬናል ዕጢዎች ታነቃለች፤ ከእነዚህም ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይመነጫል። ኮርቲሶል ጉበት ስኳር ሠርቶ ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋል፣ የጡንቻ ፕሮቲን እንዲፈርስ ያደርጋል፣ የደም ስኳርን የሚቀንሰውን የኢንሱሊንንም ሥራ ያደክማል። ለአጭር ጊዜ ሲሆን ይህ ሕይወት አድን ነው፤ አደጋው ሲያልፍም ኮርቲሶሉ ራሱ አንጎልን ያረጋጋና ሥርዓቱ ይቆማል። ረኃብና ዱላ በተመላለሰበት ልጅ ላይ ግን ይህ ማቆሚያ ሊዛባ ይችላል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የሚቆይ ኮርቲሶል በሆድ ዙሪያና በጉበት ስብ እንዲከማች፣ ሰውነትም ለኢንሱሊን እምቢ እንዲል ያግዛል፤ ለስኳር በሽታ የሚያጋልጠውም ይህ ነው። በአንዳንድ ልጆች ደግሞ መጠኑ ከሚገባው በታች ስለሚወርድ፣ ኮርቲሶሉን ብቻ አስመርምሮ መልስ አገኛለሁ ማለት ገንዘብ ማባከን ነው።

ፍርሃቱም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል። አደጋን የሚለየው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ፣ አንድ ጊዜ እንደተዘረፈ ቤት ዘበኛ ለነፋሱም ፊሽካ ይነፋል፤ አንጀትም ከአንጎል ጋር በነርቭ የተሳሰረ በመሆኑ የልጁ የሆድ ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው፤ ማስመሰል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ከ9,500 በላይ አዋቂዎችን ያካተተ ጥናት፣ በልጅነታቸው አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያሳለፉ ሰዎች ለልብ፣ ለጉበትና ለሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎች ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ከዚህ ከፊሉ ግን የሚመጣው በኋላ በሚለመደው ሲጋራና መጠጥ ነው፤ የአንድን ልጅ ዕጣም አይወስንም።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላው ጥናት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ በካናዳ ሞንትሪያል የተካሄደ የአይጦች ጥናት፣ እናታቸው ብዙም ያልላሰቻቸው ግልገሎች የጭንቀት ሆርሞንን የሚቀበለው ፕሮቲን በሚሠራበት ጂናቸው ላይ ጂኑን የሚያዳክም ኬሚካላዊ ምልክት እንደሚበዛ፣ ወደ ተንከባካቢ አሳዳጊ ሲዛወሩ ግን የአሳዳጊዋን ልጆች እንደሚመስሉ አሳየ። ሰው አይጥ አይደለም፤ ሆኖም ከሮማኒያ ማሳደጊያዎች ወጥተው ለአሳዳጊ ቤተሰብ በተሰጡ ሕፃናትም ጭንቀትና ድብርት ቀንሶ ታይቷል። ቀድሞ መጀመሩ ይሻላል፤ በ4 ዓመት መጀመርም ግን ከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ዳቦውን አይንጠቁበት፣ «ሌባ» ብለውም አይገሥጹት። ክዳን ያለው ዕቃ ይስጡት፤ ቆሎውን እዚያ ያስቀምጥ፣ ሲያልቅም አብራችሁ ሙሉት። የምግብና የመኝታ ሰዓቱ አይለዋወጥ። ዱላ ለዚህ ልጅ መድኃኒት ሳይሆን የበሽታው መንሥኤ መሆኑን ለመምህሩም ይንገሩ። ጠበል መውሰድ ከፈለጉ የሚከለክልዎ የለም፤ ብቻ ልጁ አይገደድ፣ ምግቡና ሕክምናውም አይቋረጥበት።

በየስድስት ወሩ ጤና ጣቢያ ቁመቱና ክብደቱ ይለካ። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የሆድ ሕመም፣ ትውከት ወይም ደም ያለበት ሰገራ ከታየ እንደገና ይመርመር፤ ጥማትና ሽንት ከበዛበት ወይም ከከሳ ሳይውሉ ሳያድሩ ስኳሩን ያስለኩ። ትምህርት ቤት አልሄድም ማለቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ወይም ሞትን ማንሣት ከጀመረ ደግሞ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት፤ ሲሄዱም እዚህ የጻፉልንን ታሪክ ልጁ በሌለበት ለሐኪሙ ያስረዱ።